የኋላ ኮርቻ

ይልቃል ከፊት ነው፤ ስሙም ይመሰክራል፤
መሪና ፍሬኑን፣ ማርሹን ጠቅልሎ ይዟል።
ለእኔ የደረሰኝ ፔዳልና ጀርባ፤
ኤድመንተንም ለእኔ በትከሻው ዳር ነው ሾልካ የምትገባ፤
ከግራው ወንዙ፣ ከቀኙ ድልድዩ፣
መሐል ላይ ላቡ የሚስለው፣
በየቅዳሜው ድንበሩ የሚገፋ አገር።

ብስክሌቷን የሸጠልን ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነው፤
ሚስቱ «ከእንግዲህ በእግሬ» ብላ ምላበት።
ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ከጋራዡ ሳንወጣ እንጣላለን፤
እሱ በቀኝ እግር፣ እኔ በግራ እንነሳለን።
ጉድጓድ ሲመጣ አይናገርም፤
ወሬውን ቀድሞ የሚሰማው ወገቤ ነው።
«ጉድጓድ በል!»
«አየሁት እኮ።»
«አንተማ አየኸው!»
መንገዱን የዘጉት ዝይዎች አንገታቸውን አስግገው
ለእርቅ እንደተጠሩ ሽማግሌዎች ያዩናል።

ኋላ ቃል አበጀን፦
«ጉብ» ካለ ከኮርቻሽ ብድግ በይ ነው፤
«ላላ» ካለ እግርሽን አሳርፊ።
«አይዞን» ባይ እኔ ነኝ፣
ከሁለታችን የትኛችን እንደፈራን ሳላውቅ።
በነሐሴ መቶ ኪሎ ሜትር አለብን፤
እሱ ከአውቶቡስ ጋራዥ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ፣
እኔ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋዋን ሰቅዬ፣
ቅዳሜ፣ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት።

ሰንሰለት ግን አሳባቂ ነው።
ሰው ፊቱን ይሸሽጋል፣ ድምፁን ያሳምራል፤
ከእግሬ ጋር በብረት የታሰረ እግሩ ምን ብሎ ይዋሻል?
በግንቦት ማለቂያ፣ ከወንዙ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት፣
ቀኙ ይመጣል፤ ይመጣል፤
ግራው ይዘገያል፣
ደጅ ቆሞ «ልግባ፣ አልግባ» እንደሚል እንግዳ።
አልጠየቅሁትም።
የጎደለውን ከራሴ ቆርሼ ሞላሁ፤
ጥርሴን ነክሼ ዳገቱን ለሁለት ሰው ገፋሁ።
ጫፍ ስንደርስ፣ ዞር ሳይል፣
«አየሽ?» አለኝ፣ «ዘንድሮ በርትቻለሁ!»
«ይልቃል አይደለህ!» አልኩት፣ ትንፋሼን ደብቄ።

አምስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ።
በስድስተኛው ጋራዡን ስከፍት አምፖሉ በርቷል፤
እሱ መፍቻ ይዞ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኳል፤
ሌላው፣ ግራው፣ በፋሻ ተጠቅልሎ ተዘርግቷል።
የፊቱን ኮርቻ አራት ጣት ዝቅ አድርጎታል፣
በእኔ ቁመት ልክ።
የኋላውን ከፍ።

ምንም አላለም። ምንም አላልኩም።
ወጥቼ መሪውን ያዝኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።
ከፊቴ ጀርባ የለም።
ወንዙ እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ?
ዝይዎቹም እንደዘጉ ናቸው።
ከኋላዬ ቀስ ብሎ፣
«ጉድጓድ ሲኖር» አለ፣
«ትነግሪኛለሽ አይደል?»