አርባ አራት ኦም

አስፋልቱ አልቆ ኮረት ከሚጀምርበት፣
የመብራቱ መስመር ደክሞት ከሚቆምበት፣
ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ከመጨረሻው ምሰሶ
ለሊሴ ደወለች፦ «ካውያዬ አልሞቅ አለ ጨርሶ።»

ስደርስ፣ ሰማኒያ ዩኒፎርም ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ፣
ሰኞ ትምህርት ሊከፈት፣ ወላጅ ሁሉ በር ላይ ውሎ፣
የሴቶቹ ቀሚስ ፕሊሴ አልያዝ ብሎ።
«ሁለት ሰው ፈታልኝ» አለች፤ «‹ተቃጥሏል› ብለው
ሽቦውን ቀየሩት፤ ብሬን በሉ ተከታትለው።
ባሌማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?
‹እጅሽ ነው የቀዘቀዘው።›»

እኔ ከሰው አፍ ሰምቼ ብሎን አልነካም፤
ቁጥር ያላየሁበትን ዕቃ ‹ታመመ› ብዬ አልተካም።
ነቀልኩት። እስኪበርድ ጠበቅኩ። የሶኬቱን ሁለት ጥርስ
በቴስተሬ ሁለት ጫፍ ያዝኩ፣ ቁጥሩ እስኪደርስ፦
አርባ አራት ኦም።

ታርጋው ‹ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አንድ ሺህ መቶ ዋት› ይላል፤
ዋቱን ለቮልቱ ሲያካፍሉት አምስት አምፔር ይወጣል፤
ቮልቱን ደግሞ ለአምስት፦ አርባ አራት። ገጥሟል።
«ካውያሽ አልዋሸም» አልኳት።
«ታዲያ ማን ዋሸ?»

ግድግዳውን ለካሁ። ቁጥሩ ዋለለ፣ ዋለለ፣
መቶ ስልሳ አምስት ላይ ደርሶ ዝም አለ።

የት ቀረ ሃምሳ አምስቱ? መንገድ ላይ፣
ከትራንስፎርመሩ እስከዚህ በተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ላይ፤
ብሎኬት ማምረቻው ጠጥቶ፣ ሁለት ብየዳ ቤት ጠጥቶ፣
የኮንዶሚኒየሙ ምድጃ ሁሉ ባንዴ በርቶ፣
ለዳር ሰው የሚደርሰው ጭላጩ ነው፣ ተጣርቶ።

ጠመኔዋን ተቀብዬ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ጻፍኩላት፦
መቶ ስልሳ አምስት ሲካፈል ለአርባ አራት፣
ሦስት ነጥብ ሰባት አምስት አምፔር።
«አሁን በቮልቱ አባዢው።» ከንፈሯ ሲቆጥር፣ ሲቆጥር፣
«ስድስት መቶ አስራ ስምንት፣ ከምናምን…
ቮልቱ የጎደለው ሩብ ነው፤ ሙቀቱ ግን
ግማሽ ሊጎድል ምን ቀረው?»

«ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩም አብሮት ያንሳል፤
አንድ ጉድለት፣ እንደ ድሃ ዕዳ፣ ሁለቴ ይነሣል።»

ዝም አለች። ካውያውን አገላብጣ አየችው፤
በነጠላዋ ጫፍ ሆዱን ጠረገችው።
ከዚያ ወደ ጓሮ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፦
«ደቻሳ! እጄ አይደለም! መቶ ስልሳ አምስት ነው!»
«ምኑ?» አለ እሱ ከወዲያ።

ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ ያበጀሁት የለማ።
አሮጌዋን ቴስተሬን፣ ሆዷ በፕላስተር የታሰረችውን፣
እስከ ሰኞ ተውኩላት፤ መከርኳት የማውቀውን፦
ብየዳው ሲዘጋ፣ ሰፈሩ ሲተኛ
ተኩሺ፤ ሌሊት ይሻላል ለእኛ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ማን ሞተ ብዬ ተነሣሁ።
«ሁለት መቶ አስር!» አለች። «በራሱ አባዝቼ
ለአርባ አራት አካፈልኩት። አንድ ሺህ ሁለት ዋት። ተሳስቻለሁ?»
«አምፔሩንስ የት ጣልሽው?»
«ምን ያደርግልኛል? ሳልጠራው ደረስኩ።»

ይህን መንገድ አላሳየኋትም ነበር።
እኔ ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጬ፣ ለፈተና ሸምድጄ የያዝኩትን ቀመር
እሷ ከጨርቅ ላይ፣ በጠመኔ፣ እንቅልፍ አጥታ…

ስልኩን ሳትዘጋው ረሳች። እርጥብ ጨርቅ ላይ
ብረት ሲያርፍ ሰማሁ፦ ጭስስስ።
ከኋላዋ ደቻሳ፣ ድምፁ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው፣
የተጣጠፈውን ይቆጥራል፦
«ሃያ ስድስት… ሃያ ሰባት…»