ከአምስቱ በኋላ

ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል የኮሌጆች ውድድር፤
አሰልጣኝ መክብብ ደብተር አቀበለኝ፣ እርሳስ ሳይጨምር።
«አምስቱን ተያቸው፣ አምስቱን ሕፃንም ያውቃል፤
ከአምስቱ በኋላ ማን እንዳለን ጻፊ፣ ሊጉ እሱን ይጠይቃል።»

እርሳስ ከየት ላምጣ? የነስራን የዓይን ኩል ተዋስኩ፣
ሳቢያን፣ ከሜዳው ዳር፣ ከኒሟ ጥላ ሥር ዘፍ አልኩ።
አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ሲሚንቶው ሙቀቱን ገና አልጨረሰም፤
ሜዳው ላይ የዋለ ኳስ ይፋጃል፣ እጅ አያስደርስም።

አምስቱስ አምስት ናቸው፤ በነሱ ላይ ቃል አልጨምርም፤
ሀምዲ ከሩቅ ስትሰድ መረቡ ይስቃል እንጂ ብረቱ አይናገርም።

ስድስት፦ ኦብሴ ቱራ። ቁመቷ መልካም ነው፣ የገንደ ቆሬ ልጅ፣
ዘልላ ትቀማለች፤ ከቀማች በኋላ ግን ኳሱ ይሆንባታል የአደራ ልጅ፤
አቅፋ ትቆማለች፣ ለማን እንደምታስረክብ ይጨንቃታል፣
አምስት ሰከንድ ሲሞላ ዳኛው በፊሽካ ያስጥላታል።

ሰባት፦ ኢፍራህ ሮብሌ። ፈጣን ናት፣ ባጃጅ ትቀድማለች፤
እንደ ባጃጅም ሳታይ ትታጠፋለች።

ስምንት፦ ምንታምር። አምና ጉልበቷ ዞሮ ነበር፤ ሐኪሙ «ድኗል» ብሏል።
ጉልበቱስ ድኗል፤ ከዘለሉ በኋላ መሬትን ማመን ነው፣ እሱ ቀርቷል።

ዘጠኝ፦ ፈርዶሳ። እናቷ አሸዋ ገበያ ሽቶና ምንጣፍ ትሸጣለች፤
ማክሰኞና ቅዳሜ ሱቅ ጠባቂዋ እሷ ናት፣ አርፍዳ ትመጣለች።
ነጻ ውርወራ ላይ ግን ከአሥሩ ዘጠኙን ታስገባለች፤
«እንዴት?» ብላት፣ «ደንበኛ ሲከራከር ትንፋሽ መያዝ ለምጄ ነው» አለች።

አሥር፦ ቦታው ባዶ ነው። ሰብለወንጌል ነበረች፣
ጅቡቲ ሥራ አግኝታ በነሐሴ ባቡር ሄደች።
ማሊያዋን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ነው የተወችው፤
በመጨረሻው ልምምድ ስትስቅ፣ ለካ ሜዳውን ነው የተሰናበተችው።

አሥራ አንድ፦ ኢክራም፣ ከሐረር፣ ከጁገል፣ አዲስ ገቢ፤ ኳስ የለመደችው በግንብና በግንብ መሃል ነው፤
ሜዳ ሲሰፋባት ጥግ ጥጉን ትሄዳለች፣ ግድግዳ ፍለጋ ነው።
ሦስት ሰው ሲከባት ግን፣ ያኔ አገሯ ገባች፣
በብብታቸው ሥር ሾልካ ወጣች።

ደብተሬን አጥፌ ደቻቱን አሻግሬ አየሁት፤ አሸዋ ብቻ ነው፤
ግመል ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጠልዙበታል፤ ማን ነው ጥልቅ የሚለው?
ስንት ክንድ እንደሆነ የሚያውቅ፣ ከላይ ደጋው ዘንቦ
ሌሊት የወረደ ዕለት ያየው ብቻ ነው።
ወንበርም እንዲሁ ነው፤
አሁን ስናየው ተሻጋሪ ነው።

አሥራ ሁለት፦
እዚህ ስደርስ የኩሉ ጫፍ አለቀ፣
እንጨቱ ወረቀት ቧጨረ፤ መስመሩ እንደ ጠባሳ ደረቀ።
ሁለት ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፤
አንዲት ቅርጫት፣ እሷም ተሸንፈን፣ ሰው እየተበተነ፤
የሰውን ሁሉ ልክ ስመጥን ዋልኩ፤ የራሴን ግን ማን መጠነ?

ነስራ መጣች፣ «ኩሌን ጨረስሽው?» ብላ ተቆጣችኝ፣
ከቦርሳዋ ታች ግማሽ እስክሪብቶ ፈልጋ ወረወረችልኝ።
በሱም ስሜን አልጻፍኩም።
«አምስቱን ተይ» ቢለኝም፣ ከገጹ ጀርባ በደቃቃ ፊደል ጻፍኩት፦
«የሀምዲ ግራ ትከሻ ሦስተኛው ሩብ ላይ ይወርዳል፤
ሁለት ዓመት ከወንበር አየሁት።»

መክብብ አነበበ፤ ሲጨርስ ገልብጦ ጀርባውን ደገመ፣
ወደ ሀምዲ ዞሮ፣ ትከሻዋን እያየ፣ ትንሽ ቆመ።

«አሥራ ሁለተኛዋስ?»
«ኩሉ አልቆ ነው፣ ጋሼ።»

አልሳቀም። ፊሽካውን ከኪሱ አወጣ።
እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ፤
ግራውን ሁለት ጊዜ።