ግማሽ ስምንት

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የዚህ ትምህርት ቤት ቁልፍ ከወገቤ አልወረደም፤
ማርሴይ፣ ከወደቡ በላይ፣ ባሕሩ ቢታይም በጋ ላይ ነፋሱ አይበርድም።
ግቢው አስፋልት ነበር፤ ከአጥር እስከ አጥር አንድ ወጥ ጥቁር ሰሌዳ፣
በየነሐሴው ቀለም ይዤ በጉልበቴ የምድህበት ሜዳ፤
የሰኞ ማክሰኞውን ቤት ከአንድ እስከ ስምንት በነጭ የማድስ፣
ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ፣ እግራቸው ቁጥር ላይ እንዲደርስ።

ሰኔ ሲመጣ አስፋልቱ ይለሰልሳል፤ ጫማ ይነክሳል።
ጥላ ማለት የአንዱ ግንብ ጥላ ነው፣ የአንድ ልጅ ትከሻ ስፋት፣
ልጆቹ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ይሰለፉበታል፣ እንደ ሰዓት
ዘንግ፣ ጥላው ሲሸሽ እየሸሹ።
እኔ ሰዓቴን አላይም ነበር፤ ሙኒራ የቆመችበትን አያለሁ፤
ቧንቧው ጋ ከደረሰች፣ ደወሉን እደውላለሁ።

ርዕሰ መምህሯ፣ ማዳም ሶላንዥ፣ ወረቀት ዘርግታ ጠራችኝ፤
"አስፋልቱ ሊነሳ ነው" ብላ እንደ ምሥራች ነገረችኝ።
ልጆቹ የሳሉት ነው፦ ጉድጓድ፣ መቀመጫ ግንድ፣ ከዛፍ የሚበልጥ ትል።
እኔ ያየሁት ጭቃ ነው። ኮሪደሩ። አርባ ስድስት ደረጃ፤
የጉልበቴን ነገር ሐኪሙ ጽፎልኛል ማስረጃ።
የዋሲም እናትም "ነጭ ጫማ ገዝቼለት!" ብላ ጮኸች፤
ደስ አለኝ፤ የኔን ቁጣ ሌላ ሰው ተቆጣችልኝ፣ አሳረፈችኝ።

በየካቲት ዕረፍት ማሽኑ መጣ። የመጀመሪያ ምቱ ስምንት ቁጥር ላይ።
ሠራተኛው አላወቀም፤ እኔም አላልኩም ዋይ።
ከሥሩ ወርቅ አልወጣም፤ አሸዋ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣
አንድ የብርጭቆ ብይ፣ ማን ያውቃል ከየትኛው ልጅ ኪስ የወደቀ፣
ከዚያ ግርጌ አፈር፤ ሰባ ዓመት ዝናብ ያልነካው፣ ጠያቂ እንዳጣ እስረኛ የገረጣ፣ የደረቀ።
አንድ እፍኝ አንስቼ አሸተትኩ። ምንም።
አፈር ሽታውን እንደሚረሳ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም።

መጋቢት ላይ ልጆቹ በለስ ተከሉ፣ ወይራ፣ በዳር በዳሩ ጦስኝ።
ሂሳብ አሁን ግንዱ ላይ ነው፣ በቅጠል ይቆጠራል።
ዋሲም ትል በመዳፉ ይዞ "ሙሴ፣ ስንት ልብ አለው?" ይለኛል፤
"መምህርትህን ጠይቅ" ስለው፣ "እሷ ናት የላከችኝ" ይለኛል።

ሚያዝያ ላይ ዘነበ።
ድሮ ዝናብ እዚህ መንገደኛ ነው፤ ሰሌዳውን አጥቦ ወደ ፍርግርጉ ይወርዳል፣
እኔም በመጥረጊያ እከተለዋለሁ፤ ያልተጠራ እንግዳ በጓሮ በር ይሄዳል።
አሁን ግን ገባ። ዝም ብሎ ገባ።
ሙኒራ በመስኮት ጮኸች፦ "ሙሴ! ውሃው የት ሄደ?"
በመጥረጊያዬ ዘንግ ምድሩን ነካሁት፤ ዘንጉ እስከ አንጓው ወረደ።
ያኛው ሙሴ ዓለቱን በበትር መትቶ ውሃ አወጣ፤
እኔ የቆምኩት ውሃው ወደ ተጠማው ሲመለስ ነው፣ በትሬ አንዳች ሳያመጣ።
ከዚያ ሽታው ተነሳ።
ረስቶት አልነበረም።

ጭቃው? አለ። በቀን ሁለቴ እወለውላለሁ፣ እራገማለሁም፤
የዋሲም እናት ጥቁር ጫማ ገዝታለታለች፤ ሰላም ግን አላለችኝም።
በለሱ ከጉልበቴ አይበልጥም፤ ጥላው ለአንድ ድመት አይበቃም፤
ሙኒራ ዘንድሮ ትጨርሳለች፤ ነገ ሥሩ የሚቀመጠው ልጅ ስሟን አያውቅም።
ደወሉንም አሳልፋለሁ፤ በየቁጥቋጦው ተበትነዋል፣
ግንቡ ሥር የሚቆም የለም፤ ሰዓቴ ጠፍቶብኛል።

ከአስፋልቱ አንድ ቁራጭ ሰርቄ አስቀርቻለሁ፣ ግማሽ ስምንት ያለበት፤
የክፍሌን በር ነፋስ እንዳይዘጋው፣ ሥሩ ሸጎጥኩበት።
ትናንት ሙኒራ ቁልቁል አየችው።
"ዜሮ ነው" ብላኝ ሮጠች።