የብረት ዳክዬ

ሮብሌ ድምፅ ጨመረ፣ «አቦ ዝም በሉ!»
ሆጃችን በረደ፣ ዓይኖች ተሰቀሉ
ቴሌቪዥኑ ላይ።
ማርሽ፣ ባንዲራ፣ ጭብጨባ፣ ከዚያም አንድ ጥርት ያለ ሰማይ፣
ከዚያም እሱ ራሱ፦
ሆዱ እንደ ጀልባ፣ ክንፉ እንደ አሞራ፣
«ከውሃ የሚነሣ፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ፣ በዓለም ያልተሠራ፣
ጠላት የሚያርበደብድ፣ የራሳችን ሥራ!»

ኢብሳ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ሲገባ፣
«ይሄማ ዳክዬ ነው» አለ፤ ሳቃችን ዋጠው ያንን ጭብጨባ።

እኔ ግን አልሳቅኩም።
ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡሩ ጋራዥ፣ ቶርኖ ላይ ቆሜበት
አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ብረት አይዋሽም፣ ሰው ነው የሚዋሽበት።
መነጽሬን ጠረግኩ፣ ወንበሬን አስጠጋሁ፣ አየሁት፣ አየሁት።

ጥላው ወደ ምሥራቅ ወድቋል፣ ዜናው ግን «ማለዳ» ይላል፤
ሆዱ ላይ ያለው ቀለም ትናንት ማታ የተቀባ ይመስላል፤
ከክንፉ ሥር ጠብታ የለም። ጭረት የለም፣ ዝገት፣
ውሃ የነካው ብረት የሚያበቅለው ሽበት፣
ምንም።
ሌላ ሥዕል መጣ። «ለመነሣት ሲያኮበኩብ» አሉን። አላኮበኮበም።
ፕሮፔለሩ ቆሟል፤ ምላጩን ቆጠርኩት፤
ጎማው ሥር ድንጋይ አለ፣ እኛ ቁልቁለት ላይ ጋሪ ስናቆም እንደምናደርገው ዓይነት።

«ኧረ አቦ» አለ ሮብሌ፣ «አንተ ደግሞ ሁሉን ታጣጥላለህ፤
ሀገር ደስ ሲላት፣ ቁጭ ብለህ ብሎን ትቆጥራለህ!»
ሮብሌ በእነሱ ቋንቋ ባለዝናብ ነው ትርጉሙ፤
«እንግዲያ ዝናቡን አምጣውና ይረፍ» አልኩት፣ «ካለህ አቅሙ።»

ደቻቱ ከበሩ ማዶ ተጋድሟል፣ አሸዋው ዓይን ይወጋል፤
ፍየል በመሀሉ ያልፋል፣ ኮቴው አቧራ ይዞ ይወጣል፤
ፌስታል፣ የተሰበረ ወንበር፣ ጫት የበላች በግ፣
የእኛ ባሕር ይሄ ነው፣ የቀን ሙቀት የሚጠጣው፣ ማዕበል የሌለው፣ ወግ።
«ሐሮማያስ?» አለ ኢብሳ።
ሐሮማያማ አንዴ ጠፍቶ፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲረሳ፣
እንደ ባለዕዳ በጓሮ በር የተመለሰ ሐይቅ ነው፤
ለእንግዳ ማረፊያ ሊሆን? ለራሱም ገና አልተረጋጋ፣ ገና ፈሪ ነው።

ደሃቦ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ አበሰች፤
ይህን ያህል ዓመት ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል አላወጣች።
«ያኔ ውሃ ነበረ» አለች።
«በዚህ በር ገባ፣ በዚያ ወጣ። ቁምሳጥኔ ተንሳፈፈ።
ሊባን ቁምሳጥኑ ላይ ነበር። እጁን ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ አለፈ።
ሌሊቱን ሙሉ ባሕር ነበረን። የሚያርፍ ግን አልመጣም።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ።
ደሃቦን አላሳሳቃትም።
ሮብሌ ሪሞቱን ፈለገ። ማርሹ እንደገና ጀምሮ ነበር፣ አጠፋው፤
ማንም ተው አላለውም።

ፀሐይ ስትበርድ በአሸዋው ላይ ወረድኩ። አንድ ልጅ፣ አፍንጫው የተላጠ፣
ከቢጫ የዘይት ጀሪካን አውሮፕላን ሠርቷል፤ ክንፉን ከቆርቆሮ የቆረጠ፣
ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ። በሲባጎ ይጎትታል።
ዳክዬው እዚህም ደርሷል።

«ይበራል?» አልኩት።
«አይበርም፣ ጋሼ» አለ። «የት ይበራል!
ሲዘንብ ግን ይንሳፈፋል።»

ተቀብዬ ገለበጥኩት።
ክዳኑን በአውራ ጣቴ ሞከርኩት፤ ጠብቋል።
ስፌቱን አየሁ፤ በሻማ ደፍኖታል።
መለስኩለት።
አመንኩት።