የዝምታ አይብ

ስምሽ ብሪቾላ ነው፤ ፍርፋሪ ማለት፣
ትሪየስቴ ወደብ፣ ቦራ የሚሉት ንፋስ ባበደበት ሌሊት
ከካርቶን ያወጣሁሽ፣ የሰባት ወር እሳት።
አራት እግር ጥድፊያ፣ አንድ ጅራት ሁካታ፣
ላለፈ ላገደመው ምላስሽ ሰላምታ፣
ለብስክሌት ደወል ጉሮሮሽ እሪታ።

እኔ ደግሞ ኔሪና፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከመስኮት ኋላ ተተክዬ፣
የጀልባ ቲኬት ስሸጥ፣ «ሰልፋችሁን ያዙ!» ብዬ
ጮኼ ጮኼ ጡረታ የወጣሁ፤
ዛሬ አንዲት ነገር ላስተምርሽ መጣሁ፦
ምንም አለማድረግን።

ከመታጠቢያ ቤት አነሣሁ አሮጌ ምንጣፍ፣
አረንጓዴው የወየበ፣ የተተለተለ ጫፍ፤
ጠቅልዬ በብብቴ።
የትም ብዘረጋው አገርሽ እዚያው ነው፣
እግሬ ሥር፣ ከፊቴ።

መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ ካለው ወንበር፣
ማሰሪያሽን ረግጬ፤ ለመተኛት በቂ፣ ለመዝለል አጭር።
ቆምሽ። ተቀመጥሽ። ደግሞ ቆምሽ። አየሽኝ።
የባሕር ወፍ አየሽ። የጫማዬን ክር ፈታሽብኝ።
እኔ ዝም።
ከዚያ ክርንሽ መሬት ነካ፤
ዳሌሽ ወዳንድ ጎን ዘመም አለ፤
ካፍንጫሽ፣ ሸክም አውርዶ እንደተገላገለ
ወዛደር፣ ረጅም ትንፋሽ ወጣ።
አይብ! በሁለት ጣቴ፣ ከመዳፎችሽ መሃል፣
ቀስ ብዬ፣ ሰው ጉቦ እንደሚያቀብል።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ይላል ወርቅ ያለው፤
የኔና ያንቺ ግን አይብ ነው፣
በጥፍር ልክ የተቆረጠ፣ ጨው የበዛው።
«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያለው ሰው
አንቺን አላየሽም፤
እኔ የማበላሽ እንድትተዪው ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አልገባኝም?
የጮኸን ሁሉም ዞሮ ያያል፣
ዝም ያለውን ማን ያያል?
ሳህን የሰበረ ልጅ በስሙ ይጠራል፣
ያልሰበረው ጓዳ ተረስቶ ያድራል።
ስለዚህ ዓይኔን ጣልኩብሽ፣ ምንም ባልሆነበት ቅጽበት፤
ዘበኛ ሆንኩ፣ ላልተፈጠረ ክስተት።

ፖስታ ቤት ግን ተዋረድን።
ተራ ቁጥር አርባ ሰባት፣ ደወሉ ቲን ሲል፣
ጣሪያው እስኪመልስ ጮኽሽ።
የዱሻን መነጽር ከአፍንጫው ወደቀ፤
«ሲኞራ ኔሪና፣ ውሻ ናት ወይስ የመርከብ ፊሽካ?» አለና ሳቀ።
አልቆጣሁሽም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቶሎ አቀረብኩሽ።
በማግስቱ ከደረጃው ግርጌ፣ በሦስተኛው ቀን ከደፉ፤
በሳምንቱ ደወሉ ሲመታ
ጆሮሽ ብቻ ተነሣ፣ እንደ ባንዲራ፣
ትንሽ ቆሞ ወረደ።

አንድ አዛውንት ደግሞ «እኔን ውሾች ይወዱኛል» ብለው
እጃቸውን ሲሰዱ፣
«ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ናት» አልኳቸው።
«ምን ትሠራለች?»
«ተኝታለች።»

ኅዳር መጨረሻ፣ ውል አዋዋዩ ዘንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ወንድሜ ቱሊዮ፣ ስድስት ዓመት የተኳረፍነው፣ ከኔ ፈቅ፤
የእናታችን ቤት በወረቀት ሊቆረጥ፣
እሱም እኔም ንግግራችንን ከቤት አዘጋጅተን፣
ስለን፣ አሹለን።
ምንጣፉን ከመሃላችን ዘረጋሁ።
ቦራ መስኮቱን ይነቀንቃል፤
እግሬ ሳላዛት ወለሉን ትመታለች።
አንቺ አንዴ ዞርሽ፣ ተጠቀለልሽ፣ ተነፈስሽ።
አይብ አወረድኩልሽ።

«ምን አድርጋ ነው?» አለ፤
ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ።
«ምንም ስላላደረገች።»
ዝም አለ። ዝም አልኩ።
እግሬም፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ትታዋለች።
የዛሬው ዝምታ እንደ ድሮው ጥርስ የለውም።

አንድ ቁራጭ አቀበልኩት፣ ላንቺ እንዲሰጥሽ፤
ወረቀቱን እያየ፣ ሳያስበው፣
ራሱ ዋጠው።

አንድ ዓይንሽን ገለጥሽ፤
እሱን አየሽ፣ እኔን አየሽ፣
መልሰሽ ከደንሽው።