የጋሻው ሰባት ቤት

ደብዳቤው የመጣ በነሐሴ ጭቃ፣
አባቴ የበቅሎ ጭነት ፈትቶ ሳያበቃ።
ፖስታ ቤት ያለው ልጅ፣ ፈረንሳይኛ አዋቂው፣
በገጽ ሠላሳ ሳንቲም ጠያቂው፣
ቆሞ አነበበልን፦ «አባቴ ዐረፈ፤
ወንድ ልጅ አልነበረው፤ ስሙ አብሮት አለፈ።
በሬሳው ሣጥን ላይ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣
የቤቱ ጋሻ ተሰበረ፤ መዶሻው የወረደው አንዴ ነው፣ አንድ።»
ሁለተኛውን ገጽ አላስነበበውም።
አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አልተናገረም።

መጥቶ የነበረው በሃያ ስድስት ነው፣ ከስዊድን፣ ከበረዶ አገር፣
ቦሩ ሜዳ ላይ ምልምል ወታደር በእንጨት ጠመንጃ ሊያስተምር።
ሻምበል ታልሾልድ ነው ስሙ፤ ጠጥቶም ሆነ ሳይጠጣም
ይህን ስም ሳይሰብር የሚጠራ ደሴ ላይ እስካሁን አልመጣም።
«ሾልድ ማለት?» ቢሉት፣ «ጋሻ» አለ ባስተርጓሚ፤
በማግሥቱ ጋሻው አለው ሰኞ ገበያ፣ ሻጭም፣ ተሸካሚ።

አባቴ ሙሄ ደርሶ በቅሎ ሳቢው ነበር፣
በጦሳ ግርጌ፣ በሐይቅ መንገድ፣ አብሮት የሚያድር።
«ዘሬ ባላባት ነው፤ ጋሻ አለን» ቢለው፣
«ስንት ጋሻ ጌታዬ? ለም ነው? ድንጋያም ነው?»
ሻምበሉ ከኮርቻው እስኪወድቅ ሣቀ፣ ሣቀና፦
«አያቴ ካርታ ይወድ ነበር፤ መሬቱ ተበላና
የቀረን አንዲት መዳብ ናት፣ አዳራሽ ውስጥ በቁጥር የተሰቀለች፣
ጥድና ሦስት ዓሣ የተሣለባት፣ አቧራ የጠገበች።»

ዳገት ላይ ትንፋሹ ሲያጥር ከራሱ ጀምሮ ዘሩን ይቆጥር ነበር፦
ኒልስ፣ አንደሽ፣ ፔር፣
ጉስታፍ፣ ሎሬንስ፣ ዮሃን፣ ካርል፤ ሰባት ስም፣ ሰባት ርምጃ፣
ከዚያ እንደገና። አባቴ እንደ ዚክር ለመደው፣ በቅሎዋም ያለ ማስገደጃ።

ጥር ላይ ቴሌግራም መጣ፦ «ሴት ናት። ኤባ ደኅና ናት።»
ሁለተኛ ሴት ልጁ ናት።
እራቱን ትቶ ወጣ፤ የጦሳን ገደል አይቶ፣ አይቶ፣
«ሙሄ፣» አለው፣ «ጋሻው ተሰበረ፤» ድምፁ ከጉሮሮው ጠፍቶ።
አባቴ አልገባውም። እኔን የወለደኝ በዚያው ወር ነው፤
ለእኔ የታረደውን በግ ሥጋ ይዞለት ነው የቆመው።

በከርሞው ኅዳር፣ አውሮፕላኑ ደሴን ሲያነዳት፣ ሻምበሉ በጭስ ውስጥ ሄደ፤
ፊሽካው ብቻ ቀረ፤ አባቴ በቅሎ ሲጠራበት ስንት ዓመት ነጎደ።

እናም በዚያ ነሐሴ ድንኳን ጣልን፤ «የማን ነው?» ቢባል፣ «የጋሻው።»
ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ «አብሽር ሙሄ» አለ የመጣው።
አልቃሿ ብርቄ ግን ግራ ገባት፦ «የማን ልጅ ልበለው?
ዘሩን ሳልቆጥር እንዴት ባዶ ሜዳ ላይ ልጣለው?»
አባቴ ተነሣ። ዳገት እንደሚወጣ ተነፈሰ፤
ከኒልስ እስከ ካርል ሰባቱን ሳይስት አደረሰ።
«የአንደሼ ልጅ፣ የፔሬ!» አለች ብርቄ፤ ደረት ተመታ፤
ሆጤ ሰፈር ለስዊድን ባላባት አለቀሰ ያን ማታ።

በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሳንቲም ይዤ ፖስታ ቤት ሄድኩ፣ ብቻዬን።
«ሁለተኛውን ገጽ» አልኩት፤ «አንብብልኝ የእኩያዬን።»
«ሙሄ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ወር የተወለደች ልጅ ነበረችህ አይደል?
በግ ታርዶላት ነበር ይለን ነበር አባቴ፤ ይህን ሲያወራ ያፍራል።
ስሟን ግን ረስቶት ሞተ።
ስሟ ማነው?
ሲግሪድ።»

መልሱን ራሴ አስጻፍኩ። ከላይ፦ ዘሙ ሙሄ።
ከሥሩ ሰባቱን ቤት ደረደርኩ፤ ስምንተኛ «ሲግሪድ» አልኩ።
የእናቴን አያት ስም ግን፣ እስከዛሬ፣ ማንንም አልጠየቅኩ።