ፋቅልኝ

ፒያሳ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ዝናብ ያሳደደው
ዘውገ የሚባል ጎልማሳ
መሐረብ ፈታና አንድ የብር ቀለበት
ከሚዛኔ አጠገብ አኖረ።
ራስ ቅል አለበት፤ ከሥሩም ሁለት አጥንት
እንደ መቀስ የተመሳቀሉ።

«የአባቴ ነው» አለኝ፤ «ባረፈ በአርባው
እናቴ ከፍራሹ ሥር አገኘችው።
ጸበል ረጨችበት፣ የሰይጣን ነው ብላ።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከአንድ ምድር ቤት፣
መጋረጃ ጋርደው፣ ወንድሜ ወንድሜ ሲባባሉ
ያመሹ ነበር አሉ።
ፋቅልኝ።»

ሞረዴን አነሣሁ። ቅሉን አውቀዋለሁ፦
ከትራንስፎርመሩ ሳጥን፣ አትንካኝ የሚለው፤
ከአይጥ መርዝ ብልቃጥ፣ አትቅመሰኝ የሚለው፤
ከስቅለቱ ሥዕል ግርጌ፣ አዳም የሆነው፣
ደም ጠብ ሲልበት
ምንም የማይለው።
ይሄኛው ግን ይስቃል።

ገልብጬ አየሁት። ሥጋ በሚነካው፣ በውስጡ በኩል
ጥቁር እድፍ ለብሶ ደቃቅ ጽሕፈት ነበር፤
በጥርስ ብሩሽ አሸሁት፦
«ቀባሪህ ነኝ።»

«አባትህ» አልኩት፣ «እድርተኛ ኖሯል፤
ድንኳን የሌለው እድር፣ ወጥ የማይሠራ።
የኛ ጥሩምባ ነፊ ጎሕ ሳይቀድ የሚጮኸውን
እነሱ ጣታቸው ላይ አሥረው ዝም አሉ።
ሌላ ምስጢር ካለው
ይዘውት ይወርዳሉ።
ቀብሩ ላይ ማን መጣ?»

ዝናቡን እያየ ቆየ።
«ስድስት ሽማግሌ። አንዱንም አላውቅም።
አካፋ አልነኩም፤
አፈሩን በእጃቸው
እየዘገኑ ጨመሩ።
የአንዱ ክራቫት ጭቃ ነክቶት ነበር።»

ቀለበቱን አንሥቶ አጠለቀው፤
ለአውራ ጣቱ እንኳ ሰፋ።
ወደ ሞረዴ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣
«አጥብብልኝ» አለ።